የነቀዝ ክኒኑን ከምንተኛበት ቤት እናውጣው

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ምጽፍላችሁ ከቃሉ ወረዳ ነው፣ ከሀርቡ ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ ከባለቤቴና ከአማቶቼ ጋር እያረስን ልጆች እናሳድጋለን። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ኮምቦልቻ ሲወጣ ይዞልኝ ይመጣል፣ የግብርና ገጹን ሳላነብ አላልፍም። ስለ ትራክተር ስለ ኮምባይነር ስለ ኩታ ገጠም ስንዴ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው ይጻፍ፣ ግን እህሉ ከአውድማ ተነስቶ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ሚጽፍ ሰው አላየሁም። እኛ ጋ ደሞ ትልቁ ጣጣ ያለው እዛ ነው። ስለዚ ማሽላው ሳይታጨድ በፊት ይሄ ደብዳቤ ይውጣልኝ።

ምለው ነገር አንድ ነው፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን አይደረግ። ክኒኑን እምቢ ስንል እህሉን በምን እናትርፈው ለሚለው ደሞ መልስ አለ፣ ቤተሰብ ተባብሮ በእጁ ሚሰራው መልስ ነው፣ እኛ ቤት ሰርተነዋል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እዚ እንደደረሰ ልናገር። የኛ አገር ቆላ ቀመስ ነው፣ ማሽላ ጤፍ ማሾ ነው ምናመርተው፣ በቆሎም ጓሮ ላይ አይጠፋም። ጤፍ ነቀዝ አያውቀውም፣ ፍሬው ደቃቃ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ ሚፈለፈልበት ቦታ የለውም፣ አስር አመት ቢቀመጥ ጤፍ ጤፍ ነው። ማሽላና በቆሎ ግን ሌላ ነው። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን በአፏ ትቦረቡረውና እንቁላሏን ከውስጥ አስቀምጣ ላዩን መልሳ ትደፍነዋለች፣ አንቺ ብታይው ደህና ፍሬ ነው ሚመስልሽ፣ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ልጁ ውስጡን በልቶ ጨርሶ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ማሾማ ይባስ፣ ነቀዙ ገና ማሳ ላይ እያለ ቆባው ላይ ይጥልና ከአዝመራው ጋር ተጭኖ ቤት ይገባል። ስለዚ እህሉን በንጹህ ጆንያ አስገባሁ ማለት ነቀዝ የለም ማለት አይደለም።

ድሮ እህል ሚቀመጠው ውጪ ጎተራ ውስጥ ነበር፣ ቤት ውስጥ ሚቀመጠው ለእለት ለወር ሚሆነው ነው፣ በጎታ ወይ በድብኝት። አሁን ሌባ ፈራንና ሁሉንም ቤት አስገባነው። የማዳበሪያ ጆንያ እየሞላን ግድግዳ ላይ ደረደርነው፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ልጆቹ ከሚተኙበት መደብ ጎን። ከዛ ጥርና የካቲት ላይ ጆንያው ላይ ዱቄት ማየት ስንጀምር ገበያ ሄደን ክኒን እንገዛለን። ከጆንያው መሃል አንድ ሁለት ክኒን ወርውረን፣ አፉን አስረን፣ እራታችንን በልተን እዛው አጠገቡ እንተኛለን። እኛ መንደር ይሄን ያላደረገ ቤት ቢፈለግ ጥቂት ነው።

ይሄ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው ሚባለው። አየሩና እህሉ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን ሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ነቀዙን ሚገድለው እሱ ጋዝ ነው። ጋዙ ደሞ ነቀዝና ሰው አይለይም። የተሰራው ለመጋዘን ነው፣ እህሉ በሸራ ተሸፍኖ፣ ዙሪያው ታሽጎ፣ የሰለጠነ ሰው ጭንብል አድርጎ ያስቀምጠውና ሰው ድርሽ ሳይልበት ቀናት ይቆያል፣ ከዛም በደንብ ተናፍሶ ነው ሚገባበት። የማዳበሪያ ጆንያ ግን የተሸመነ ነው፣ አፉን ብታስሪው ጎኑ ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ ጋዙ ከጆንያው ወጥቶ ቤቱን ይሞላል። ከአየር ትንሽ ከበድ ስለሚል ወደታች ይላል፣ ወደታች ደሞ ያሉት መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሚተኙት ልጆች ናቸው። ሌሊት ብርድ ነው ብለን በሩንም መስኮቱንም እንዘጋለን። የነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ አሳ አይነት ሽታ አለው ይባላል፣ ግን ሽታው ሳይታወቅም ይጎዳል፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ ደሞ ምኑን ያሸታል። ከሁሉ ሚያስፈራው ማርከሻ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪም ቤትም ብትደርሺ ሚሰጥሽ ለትንፋሽና ለልብ የሚሆን እርዳታ ነው እንጂ ክኒኑን ሚያከሽፍ ነገር የለም።

ይሄን ከወሬ አይደለም ምናገረው። ከኛ አጥር ከሚዋሰኑት ጎረቤቶቻችን ቤት ደርሷል። ክኒኑ ገበያ ላይ ከአንድ ነጋዴ የተገዛ ነው፣ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ስም የለው፣ መመሪያ የለው፣ ልክ እንደ ከረሜላ በፍሬ ተቆጥሮ። አባትየው ማሽላው ላይ አድርጎ ተኙ። ሊነጋጋ ሲል ልጆቹ ማስመለስ ጀመሩ፣ ራሴን ራሴን ይላሉ፣ ትልቋ ደረቴን ጨነቀኝ ትላለች። እናትየው ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣች፣ ማን ይፈርድባታል፣ ሁላችንም ማለዳ ላይ ያስመለሰ ልጅ ስናይ ምናስበው ምች ነው። እኔ እሳት ልጫር ብዬ ስገባ ቤቱ ሸተተኝ፣ ልጆቹን ተሸክመን ወደ ውጪ አወጣናቸው፣ ከዛ ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዛም ወደ ሆስፒታል። አልሃምዱሊላህ ሁሉም ተርፈዋል፣ ትንሹ ግን ብዙ ቆይቶ ነው የወጣው፣ እናቱ እስከዛሬ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ትንፋሹን ታዳምጣለች። እባካችሁ ይሄን ደብዳቤ ምታነቡ ሁሉ፣ ክኒን ባለበት ቤት ልጅ ካስመለሰው፣ ራሱን ካመመው፣ ደረቱን ካጨነቀው ምች ነው አትበሉ፣ መጀመሪያ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፣ ከዛ ቀጥታ ወደ ሐኪም፣ ለሐኪሙም የነቀዝ ክኒን ቤት ውስጥ ነበር ብላችሁ ንገሩት። ክኒኑ በተከፈተ እቃ ቤት ውስጥ መቀመጡ ራሱ ሌላ መዘዝ አለው፣ ሰው ተናዶ ወይ ሆድ ብሶት ሊያነሳው ይችላል፣ እንዲህ ያለ ሀዘን የደረሰበት ቤት ስለማውቅ ከዚህ በላይ አልልም።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። ባለቤቴ ከዛ በኋላ ክኒን ሚባል ደጃፌን አይረግጥም አለ። አባባ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጎተራ እንስራ አሉ። ድሮ በጃቸው የሰሩት ጎተራ ነበር፣ ምስጥ እግሩን በልቶት ወድቆ ነው እንጂ። በበጋ ስራ ሲቀል ጀመርነው፣ ልጆቹም ትምህርት ሲዘጋ አብረውን ዋሉ።

ለእግሩ ወይራ ነው የቆረጥነው፣ ወይራ ምስጥ አይደፍረውም። እግሮቹ መሬት ውስጥ አልተቀበሩም፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የቆሙት፣ ከፍታቸው የአስር አመት ልጅ ከስሩ ጎንበስ ብሎ ሚያልፍበት ያህል ነው፣ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዛ በታች ከሆነ አይጥ ትዘላለች። በየእግሩ ላይ ደሞ ባለቤቴ የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ እንደ ባርኔጣ አፉን ወደታች ደፍቶ ቸነከረበት፣ አይጧ እግሩን ይዛ ስትወጣ ቆርቆሮው ስር ትደርስና ትመለሳለች። ይሄን አባባም አያውቁትም ነበር፣ ቆመው አይተው አይተው ማሻአላህ ብለው ሳቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከጎተራው አጠገብ ዛፍ ወይ አጥር ካለ ቆርቆሮው ዋጋ የለውም፣ አይጥ ከላይ ትዘልላታለች፣ እኛ የግራሯን ቅርንጫፍ ቆርጠናል።

ግድግዳው ክትክታ ነው። ክትክታውን አባባና ትልቁ ልጄ ተቀምጠው እርጥቡን እየጠመዘዙ እንደ ሙዳይ ዙሪያውን ሸመኑት። አባባ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ግን ሽመናው ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላል፣ ልጄ አንዱን በላይ አንዱን በታች እያለ ሲሳሳት ዝም ብለው ይፈቱበትና እንደገና ያስጀምሩታል፣ አይቆጡትም። ልጁ ትምህርት ቤት ቁጭ ማለት አይወድም፣ እዛ ግን ምሳ ተጠርቶ እምቢ አለ። ጭቃው ደሞ የኔና የልጃገረዶቹ ስራ ነው፣ ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ አርሰን አሳደርነው፣ በነጋታው በእግራችን ረገጥነው። ጭዱ ከሌለው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ጎተራ ደሞ ለነቀዝ መንደር መስጠት ነው። ሁለት ጊዜ ከለሰንን በኋላ በእበትና በአመድ ከውስጥም ከውጪም ለቀለቅነው። ለክዳኑ ሰንበሌጥ በደቦ ነው የከደንነው፣ ጎረቤት መጣ፣ እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ቡና አፈሉ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም እዛው ከጎተራው ስር ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገበት። ከታች በኩል እህል ማውጫ ቀዳዳ አለችው፣ መዝጊያዋ የጣውላ ነው፣ ቁልፍ አላት። የሌባው ነገር ላላችሁኝ፣ ጎተራውን ከመኝታችን ትይዩ በሩ ፊት ለፊት ነው የሰራነው፣ ውሻውም እዛው ስሩ ነው ሚያድረው።

ጎተራ ብቻውን ግን ነቀዝ አያስቆምም፣ ይሄን ልደብቃችሁ አልፈልግም። አይጥና ዝናብ ያስቆማል፣ ቤቱን ያስለቅቃል። ለነቀዙ ሁለተኛው ነገር ፒክስ ሚባለው ከረጢት ነው። ሶስት ድርብ ነው፣ ውጪው የተለመደው ጆንያ፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አንዱ ባንዱ ውስጥ። መጀመሪያ ለባቄላ አይነት እህል ነው የተሰራው፣ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካሜሩን ሄደው በ1980ዎቹ በፈረንጆቹ ከገበሬው ጋር የጀመሩት ነገር ነው። ምንም መድኃኒት የለበትም። እህሉ ሞልቶ አየሩ ተጨምቆ ሶስቱም አፍ ለየብቻ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረውን አየር ነቀዙና ልጆቹ ራሳቸው ተንፍሰው ይጨርሱታል፣ ሲያልቅባቸው መብላት ያቆማሉ፣ ከዛ ይሞታሉ። እንቁላሉም እጩም እዛው ይቀራል። በቃ ሌላ ሚስጥር የለውም። ሌባ ፈርቶ ጎተራ ውጪ አልሰራም ሚል ሰውም እህሉን በዚህ ከረጢት ቤት ውስጥ ቢያስቀምጥ ጋዝ የለ ምን የለ፣ ልጆቹ በሰላም ያድራሉ፣ አይጥ እንዳይቀደው መጠበቅ ብቻ ነው።

ስራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እኛ ቤት ለልጆቹ ተከፋፍሏል። ማሽላው ተወቅቶ ተበጥሮ ከመሞላቱ በፊት በደንብ መድረቅ አለበት፣ ካልደረቀ ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታው ደሞ ሌላ መርዝ ነው። መድረቁን በጥርስ መንከስ እማማ ያውቁበታል፣ ካፍ ካፍ ካለ ደርቋል። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ደሞ የጨው ዘዴ አመጣች። ንጹህና ደረቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ማሽላ እስከ ሲሶ ትሞላለች፣ ጸሃይ ላይ የደረቀ አንድ እፍኝ ጨው ትጨምርበታለች፣ ትከድነውና ጥሩ አድርጋ ትወዘውዘዋለች፣ ከዛ ትንሽ ታስቀምጠዋለች። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ተመልሶ ምንጣፍ ላይ ይሰጣል። ሳይጣበቅ ወደታች ከወረደ ደርቋል። የመጀመሪያ ቀን እኔ ደርቋል ባይ ነበርኩ፣ ጨው ግን ተጣበቀ፣ እማማም ነክሰው ገና ነው አሉ፣ የልጄ ጠርሙስና የእማማ ጥርስ ተስማሙ። ትንሹ ልጄ ደሞ ስራው ላስቲኩን መፈተሽ ነው፣ አየር ሞልቶ አፉን ጠምዝዞ ይይዝና ጆሮውን እያስጠጋ ይጨምቀዋል፣ ሲስ ካለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ያ ላስቲክ ለሌላ ስራ ይሆናል እንጂ እህል አይሞላበትም። ዱላና ሹል ገለባ ከእህሉ ጋር ከገባ ላስቲኩን ይበሳል፣ ስለዚ በወንፊት ነፍተን ነው ምንሞላው። አንዴ የታሰረ ከረጢት በየሳምንቱ አይከፈትም፣ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ለዛ ነው የዕለቱን በድሮው ጎታ ለይተን የክረምቱን ብቻ ምናሽገው። ከረጢቱ በጥንቃቄ ከተያዘ ከአንድ አመት በላይ ያገለግላል።

የዘሩ ነገር ደሞ ለብቻው ነው። አባባ ወተት በጉንጬ ሚባለውን ማሽላ አይለቁም፣ እሸቱ ሲጠበስ ልጆች ይጣሉበታል፣ ፍሬው ግን ለስላሳ ስለሆነ ነቀዝ ከሌላው ቶሎ ይደፍረዋል። ስለዚ ዘለላውን እንዳለ አስረው ከምድጃው በላይ ጭሱ ላይ ይሰቅሉታል፣ ጭሱ ያጠቁረዋል ግን ዘሩ ይበቅላል። ይሄ ማሽላ ተራ ማሽላ እንዳይመስላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1973 የዛው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ የሄዱ የማሽላ ዘሮችን መርምረው ላይሲን ሚባለው ለሰውነት ግንባታ ሚያስፈልገው ነገር ከሌላው ማሽላ በጣም ከፍ ብሎ ያገኙት እንዲህ ካለው የኛው ዘር ላይ ነው። ወተት በጉንጬን ዛሬ ሚዘራው ሰው እየቀነሰ ነው፣ አንዱ ምክንያት ይሄው ነቀዝ ነው። ማሾውንና ባቄላውን ደሞ እማማ ከጤፍ ጋር ደባልቀው ነው ሚያስቀምጡት፣ ጤፉ በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፣ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ትንሽ ማሾና ባቄላ ላለው ቤት ይሄ ይረዳዋል፣ ብር አይጠይቅም።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ሚል አይጠፋም። እማማ ሰባ ሰባትን ያለፉ ናቸው፣ ስለዛ ዘመን ብዙ አያወሩም፣ ግን አውድማ ላይ የቀረ ፍሬ ሲያዩ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። በ2013 አንበጣ መጥቶ ማሽላውን እንዳለ ሲያወርደው ሁላችንም አይተናል፣ ቆርቆሮ እየመታን ጮኸን ጮኸን ምንም አላደረግነውም። አንበጣውን በጃችን ማስቆም አልቻልንም፣ ነቀዙን ግን እንችላለን። አሁን ገበሬው ምን ያደርጋል፣ ነቀዝ ሳይበላብኝ ብሎ ታህሳስ ጥር ላይ ዋጋው ሲወድቅ ይሸጠዋል፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ ማሽላ ሰማይ በነካ ዋጋ መልሶ ከነጋዴው ይገዛል። ባለቤቴ የዚህን አመቱን አሽጎ አቆይቶ ሰኔ ላይ ነው ባቲ ሰኞ ገበያ የወሰደው፣ ልዩነቱን በአይናችን አይተነዋል፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ከዛ ነው የወጣው።

ሚመለከታችሁ ሁሉ እንግዲ ስሙኝ። የግብርና ባለሙያዎች፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ስታመጡልን ከረጢቱንም አብራችሁ አምጡልን፣ ህዳር ላይ መሆን አለበት፣ መጋቢት ላይ ቢመጣ እህሉ ተበልቶ አልቋል። እኛ ጋ ከረጢቱ ሚገኘው እንደ እድል ነው፣ አንዳንዱ ሰው ስሙንም አልሰማም፣ ክኒኑ ግን በየገበያው በየመደብ ላይ አለ። ክኒንን በፍሬ እየቆጠረ ለገበሬ መሸጥ ሚባል ነገር ይቁም፣ ይሄን መቆጣጠር የመንግስት ስራ ነው፣ ሻጮቹም ልጆች አሏችሁና አስቡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ቤት ለቤት ስትዞሩ ሽንት ቤቱን እጅ መታጠቢያውን እንደምታዩት ጆንያው የት እንዳለም እዩልን፣ ከልጆቹ መኝታ ጎን ክኒን የተደረገበት ጆንያ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። መምህራን፣ የጨው ጠርሙሱ ክፍል ውስጥ ሚሰራ ነገር ነው፣ ልጆቹ ቤት ይዘውት ይገባሉ፣ እኛ ቤትም የገባው በልጅ በኩል ነው።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደሞ ምለምናችሁ፣ የጎተራውን እግርና የቆርቆሮውን ባርኔጣ በስዕል አድርጋችሁ አንድ ገጽ ላይ አውጡት፣ ማንበብ ማይችል ሰውም አይቶ ይሰራዋል፣ ጋዜጣው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የፎቶ ባለሙያ ከላካችሁ ደጃችን ክፍት ነው፣ አባባ ሽመናውን ያሳዩታል፣ ቡና አለ። እንደ አየሩ ሁኔታ ማሽላው ህዳር መጨረሻ ይታጨዳል፣ ከዛ በፊት ቢወጣ ነው ሚጠቅመው።

አክባሪያችሁ
አንዲት የቃሉ አርሶ አደር እናት፣ ደቡብ ወሎ